ሒሳቡ ያልተዘጋ መዝገብ

ሲኒማ ከሚያዘወትሩ ሰዎች ወገን አይደለሁም። በዕድሜዬ ሙሉ ሲኒማ ቤት የገባሁባቸውን ቀኖች በሁለት እጆቼ ጣቶች ቈጥሬ እጨርሳቸዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የወንጀል ፊልም ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ፣ የሚያውቀኝ አንባቢ «ምን ነካው?» ቢል አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ያየሁት ፊልም ዐሥራ አራት ዓመት ሸፍኜ ያኖርሁትን ነገር ገልጦብኛልና፣ ዝም ብል ኅሊናዬ ደስ አይለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ የፊልም ማቀናበር ሙያ ተምራ በዚያው ትተዳደራለች። ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላም የቀደሙትን የውጭ አገር ፊልሞች ለትምህርት ብላ እየመረጠች ታያለች። በዚያ ምሽት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። «አባባ፣ ይኼ ለአንተ አይሆንም፣ ግድያ ይበዛበታል» አለችኝ። እኔም «ጥቂት አይቼ እተኛለሁ» አልኋት፤ ነገር ግን እስከ ፍጻሜው ሳልነሣ ቀረሁ።

የፊልሙ ስም «ፖይንት ብላንክ» ይባላል፤ ይኸውም ከቅርብ፣ ከአፍንጫ ሥር መተኮስ ማለት ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ጆን ቡርማን የተባለ እንግሊዛዊ አዘጋጅ በአሜሪካ አገር የሠራው ሲሆን፣ ታሪኩ የተወሰደው ዶናልድ ዌስትሌክ «ሪቻርድ ስታርክ» በሚል የብዕር ስም በ1962 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ፈረንሳውያን ሐያስያን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 የአሜሪካንን የወንጀል ፊልሞች ተመልክተው፣ ጨለማና ተስፋ መቍረጥ ስለ በዛባቸው «ጥቁር ፊልም» ብለው ሰየሟቸው። ይኸኛው ግን ያንኑ ጨለማ በቀለምና በጠራራ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ውስጥ ያሳየ ስለ ሆነ ከአዲሶቹ ጥቁር ፊልሞች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቈዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች ጋራ ተመዝግቧል።

ታሪኩ አጭር ነው። ዎከር የሚባል ሰው አለ፤ የዚህ ስም ትርጉም «ተራማጅ» ማለት ሲሆን ከዚህ ሌላ መጠሪያ አልተሰጠውም። ሪስ የተባለ የድሮ ወዳጁ በሰው ግርግር መካከል ወለል ላይ አጋድሞ «እርዳኝ» እያለ ይለማመጠዋል። ሪስ ከአንድ ታላቅ የወንጀለኞች ማኅበር ተበድሮ መክፈል የተሳነው ሰው ነው። ሁለቱ ከዎከር ሚስት ጋራ ሆነው፣ በ1963 ተዘግቶ ባዶውን በቀረው በአልካትራዝ ደሴት እስር ቤት ውስጥ የሌሎች ወንበዴዎችን ገንዘብ ይዘርፋሉ። ገንዘቡ ሲቈጠር ግን ለሪስ ዕዳ አልበቃም። ሪስ ወዳጁን ዎከርን በእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ከቅርብ ተኵሶ ይጥለውና፣ 93 ሺሕ ዶላር ድርሻውንም ሚስቱንም ይዞ ይሄዳል።

ዎከር ግን አልሞተም፤ ወይም ያልሞተ ይመስላል። አንዳንድ ተመልካቾች ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሕልም ነው ይላሉ፤ ፊልሙም ለዚህ ትርጉም በሩን ክፍት ትቶታል። እንዲያም ሆነ እንዲህ ሰውየው በረጅም የአውሮፕላን ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ ሲራመድ ይታያል። የጫማው ድምፅ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ሚስቱ በሌላ ቦታ ከመስተዋት ፊት ተቀምጣ ስትታይም የእርምጃው ድምፅ አይቋረጥም። ቤቷን ሰብሮ ገብቶ ጠላቴ ተኝቶበታል ወዳለው አልጋ የሽጉጡን ጥይት ሁሉ ያርከፈክፋል። አልጋው ባዶ ነበር።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ዎከር ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ቃል አይናገርም፤ እርሷ ግን ያልጠየቃትን ጥያቄ ብቻዋን ትመልሳለች። ብዙም ሳይቈይ የእንቅልፍ መድኃኒት አብዝታ ወስዳ ሞታ ያገኛታል። የዎከርን መልክ የያዘው ተዋናይ ሊ ማርቪን በ1944 በሳይፓን ደሴት ጦርነት የቈሰለ ወታደር ስለ ነበረ ይሆናል፣ በፊቱ ላይ ያለው ዝምታ የተጠና አይመስልም።

ከዚያ ወዲያ ዎከር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገንዘቤን ስጡኝ» ይላል። ሪስ ከፎቅ ወድቆ ይሞታል፤ ገንዘቡ ግን አልተገኘም። የሪስ አለቃ ካርተር ዎከርን ለማስገደል ወጥመድ ቢያዘጋጅ እርሱ ራሱ ይገደልበታል፤ ገንዘብ ነው የተባለው ጥቅልም ባዶ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ሌላው አለቃ ብሩስተር ደግሞ ተገርሞ፣ ይህ ሁሉ ሀብት በቼክና በሒሳብ መዝገብ የሚንቀሳቀስ እንጂ በእጅ የሚቈጠር እንዳልሆነ፣ በኪሱም ከጥቂት ዶላር በቀር እንደሌለ ይነግረዋል። የበደለውን ሰው ሊይዝ የመጣው ዎከር የሚይዘው ሰው አጣ። በየደጁ የሚያገኘው ሌላ ቢሮ፣ ሌላ አለቃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያልረሳሁት ግን መተኰስ የሌለበት ትርኢት ነው። የሚስቱ እኅት ክሪስ በቍጣ ደረቱንና ፊቱን ትመታዋለች። እርሱ እንደ ግንብ ቆሞ ዝም ይላል። ትመታዋለች፣ ትመታዋለች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ ከድቷት ከእግሩ ሥር ትወድቃለች። እርሱ እንኳን እጁን ሊያነሣ፣ ዐይኑንም አያርገበግብም። ልጄ በዚህ ጊዜ «ይኼ ሰው በሕይወት አለ ትላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መልስ አልሰጠኋትም።

በፍጻሜው ዎከር በሳንፍራንሲስኮ ወደሚገኝ አሮጌ የጦር ምሽግ ይሄዳል። ገንዘቡ ይመጣል። በዚያችው ሌሊት ግን ሲያበረታታውና ሲመራው የነበረው ሰው የማኅበሩ ትልቁ አለቃ ሆኖ ይገኛል፤ ተቀናቃኞቹን ያስጠፋው በዎከር በቀል ነበር። «ና ውሰድ» ብሎ ይጠራዋል። ዎከር ከጨለማው አልወጣም። ጥቅሉም መሬት ላይ ተጥሎ ይቀራል፤ ፊልሙ በዚሁ ያበቃል።

ልጄ መብራቱን አብርታ፣ «አባባ፣ ገንዘቡን ቢያነሣው ኖሮ ምን ያደርግበት ነበር?» አለችኝ። ጥያቄው ስለ ፊልሙ ነበር። እኔ ግን የተናገረችው ስለ እኔ መስሎኝ ደነገጥሁ።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋራ በእኩሌታ ገንዘብ የእህል ንግድ ጀምረን ነበር። ወዳጅ ብቻ አልነበረም፤ ባለቤቱ ይህችኑ ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ አበልጄ ነው። አንድ ክረምት እኔ ታምሜ በተኛሁበት ወራት በመጋዘን የነበረውን 86 ኩንታል ጤፍ ሸጦ ድርሻዬን ሳይሰጠኝ ቀረ። ዕዳ ነበረበት፤ እንደ ሪስ ማለት ነው። 46 ሺሕ ብር የሚሆነውን ሒሳቤን በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ላይ ጽፌ በሣጥኔ ውስጥ አኖርሁ። በየዓመቱም ሣጥኑን ከፍቼ አየው ነበር። ዛሬ በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ጤፍ ጥቂት ኩንታል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ባነሰ ቍጥር ቂሙ ይከብድ ነበር።

በዚያች ሌሊት ደብተሩን አውጥቼ ሳነብበው፣ ከዚህ ቀደም ያልታየኝ ነገር ታየኝ። በደብተሩ ላይ የእርሱ ዕዳ ብቻ እንጂ የእኔ አልተጻፈም። በየነጋዴው ቤት እየዞርሁ «ለዚህ ሰው ዱቤ አትስጡ» ያልሁት እኔ ነበርሁ። ሱቁን የዘጋው በዚያ ምክንያት ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሲመጡልኝ ቡናቸውን አጠጥቼ ባዶ እጃቸውን ሸኝቻቸዋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ባለቤቱ ስታርፍ የዕድሩ ጥሩምባ በደጄ ሲነፋ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ለቀብር አልወጣሁም። ልጄን በአርባ በሰማንያ አቅፈው ካሳደጉት ሰዎች አንዷ ስትቀበር እኔ በቤቴ ተቀምጬ ነበር። ይህ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? በስንት ብርስ ይመነዘራል?

በአገራችን ደም የፈሰሰበት ጠብ እንኳ ፍጻሜ ተበጅቶለታል። አባቶቻችን ደም ለማድረቅ ሽማግሌ ይልካሉ፤ ጉማ ይቈረጣል፤ ካሣ ይከፈላል፤ ገዳይና የሟች ወገን በአንድ ማዕድ ይቈርሳሉ። ይህ ሥርዐት የተበጀው በቀል ራሱ ማቆሚያ ስለሌለው ነው። ዎከር በሚኖርበት ከተማ ሽማግሌ የለም፤ ስለዚህ ያ ሰው እስከ መጨረሻው ብቻውን ሲራመድ ኖረ። እኔ ግን ሽማግሌ እያለኝ፣ በየቀኑም «አባታችን ሆይ» እያልሁ ምሕረትን የምለምን ሰው ሆኜ ሳለሁ እንደ እርሱ መራመዴ ምን ይባላል?

ቢሆንም ወዲያው አልተነሣሁም። ልብ በአንድ ሌሊት አይለወጥም፤ ተለወጠልኝ ብል ውሸት ነው። ጾሙ ገብቶ እኩሌታው ከደረሰ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ቡናና ስኳር ገዝቼ ወደ ቤቱ ሄድሁ። በሩን የከፈተልኝ እርሱ ራሱ ነው። ጠጕሩ ፈጽሞ ነጥቷል። ብዙ ሰዓት ተያይተን ቆምን፤ ከዚያም «ግባ» አለኝ።

ስለ ጤፉ ልናገር አስቤ የሄድሁ ሰውዬ፣ ከግድግዳው ላይ የባለቤቱን ፎቶግራፍ ሳይ ቃሉ ጠፋኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ አበልጄ» አልሁት። ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዘገየህ» አለኝ። ከዚያ በቀር አልወቀሰኝም። ስለ ገንዘቡ እርሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ፤ ይቅርታም አልጠየቀኝም። የጐረቤት ልጅ ቡና አፍልታልን አቦሉንና ቶናውን ጠጥተን፣ ለበረካው ሳልቈይ ተነሣሁ። ስወጣ ከትንሣኤ በኋላ ለሚደረገው ለልጃችን ሠርግ የተዘጋጀውን የጥሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። አነሣው፣ ስሟን በጣቱ ዳሰሰው፣ መልሶ አስቀመጠው። ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ይህን ፊልም ለልጆች አሳዩ አልልም፤ ግድያውና ብልግናው ለሕፃናት ዐይን የሚገባ አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ግን ካየው፣ ማን እንደ ተገደለ ከመቍጠር ይልቅ ያ ጥቅል ለምን መሬት ላይ እንደ ቀረ ቢያስብበት ይጠቀማል።

ሰማያዊው ደብተር ዛሬም በሣጥኔ ውስጥ አለ። ላቃጥለው አስቤ ነበር፤ ግን ተውሁት። በመጨረሻው ገጽ ላይ የእኔን ዕዳ ጽፌበታለሁ፤ የእርሱን ባሰብሁ ጊዜ ሁለቱን አብሬ እንዳነብባቸው።