ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ

በአዲስ አበባ ከተማ «ኪሎ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ የሰፈር ስም፣ ሌላው የሚዛን። እኔ ላለፉት አራት ዓመታት በሁለቱ መካከል ስመላለስ ኖሬአለሁ። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ ቁልቁል በእግሬ እወርድና ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ እደርሳለሁ፤ ሁለት ኪሎ ቀነስሁ ማለት ነው። ማታ ያንኑ መንገድ ሽቅብ እመለሳለሁ፤ ሁለቱን ኪሎ መልሼ ጨመርሁ። ይህችን ቀልድ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ክብደት ሊቀንስ ተነሥቶ የሚያውቅ ሰው ግን ቀልዱ ሙሉ በሙሉ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሥራዬ በባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ገንዘብ መቀበልና መክፈል ነው። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ሁለቱም ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የ34 ዓመት ሰው ሳለሁ ለምርመራ ወደ ሐኪም ብሄድ ሚዛኑ 112 ኪሎ አለ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው፤ ክብደቴ በቁመቴ ካሬ ሲካፈል 36 ገደማ መጣ። 30 ካለፈ ሐኪሞች ከልክ ያለፈ ውፍረት ይሉታል። ቁርስ ሳልበላ የተለካው የደሜ ስኳር 119 ሆነ። ከ100 በታች ደኅና ነው፤ 126 ከደረሰና በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር በሽታ ነው። እኔ በሁለቱ መካከል፣ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ።

ሐኪሙ «በቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት አለ?» ሲለኝ «አባቴ ነበረበት» አልሁት። «ነበረበት» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም።

አባቴ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ እናቴ ከዕቃዎቹ መካከል መርጣ የሰጠችኝ ቀበቶውን ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም ቆዳ። አምስት ፋብሪካ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌሎች ሦስት፣ ጠማማና ጠርዛቸው የተቃጠለ። ስለ ሦስቱ ኋላ እመለሳለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ቀበቶውን አውጥቼ ወገቤ ላይ ባዞረው ሁለቱ ጫፎች ሳይገናኙ ቀሩ። በመካከላቸው አንድ ስንዝር ክፍተት ነበረ። ከበሩ ጀርባ ሰቀልሁት።

አንባቢዬ ሆይ፣ የባንክ ሰው ሲጨነቅ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሒሳብ ይሠራል። እኔም ማኪያቶዬን ቆጠርሁ። በቀን አምስት፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፤ አሥራ አምስት ማንኪያ። አንዱ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ያህል ይይዛል፤ በቀን 60 ግራም ሆነ። በ26 የሥራ ቀን ሲባዛ ከአንድ ኪሎ ተኩል ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ምግብ ጉልበት ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይመክራል፤ ይህም ለአብዛኛው ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። እኔ ያንን የምጨርሰው ምሳ ሳልበላ ነበር። እንጀራውን ገና አልቆጠርሁም።

«እጾማለሁኮ!» ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። እውነት ነው፤ እጾማለሁ። ዳሩ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የቆየ ሰው በዘይት ያበደ ሽሮና ሁለት እንጀራ፣ በላዩም ለስላሳ መጠጥ ሲያስከትልበት፣ ጾሙ ለነፍሱ ይቆጠርለት እንደሆነ እንጂ ለወገቡ አይቆጠርለትም። በሃምሳ አምስቱ ቀን ምንም አልቀነስሁም ነበር። በፋሲካ ሳምንት ግን ያለማቋረጥ ጨምሬአለሁ።

ሐኪሙ የሰጠኝ ምክር አጭር ነበረች። «ሃያና ሠላሳ ኪሎ አታስብ። መጀመሪያ ከመቶ ሰባቱን ቀንስ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመድ።» ምክሩ ከየት እንደመጣ ኋላ አንብቤ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ እኔ በቆምሁበት ደጃፍ ላይ ከቆሙ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ይህችኑ ግብ ተሰጥቷቸው አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያስተካከሉት፣ የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ከ112 ኪሎ ከመቶ ሰባቱ ስምንት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስምንት ኪሎ ደግሞ ሰው ሊያስበው የሚችለው ቁጥር ነው።

መራመድ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍሁ፤ ያውም ቁልቁለቱን። ሽቅቡን አልሞከርሁትም፤ ማታ ማታ በታክሲ እመለስ ነበር። ስኳሩን ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረድሁ። እንጀራውን አንድ አደረግሁት፤ ጎመኑን ጨመርሁ።

ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ፣ አራት ኪሎ አስፋልት ዳር፣ ካርቶን ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይመስለኛል። በጥቂት ሳንቲም ሰው ይመዝናል፤ ሰው በማይኖርበት ሰዓት የትምህርት ቤት ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያጠናል። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት መርፌዋ ስትሮጥ አይቶ «ጋሼ፣ ሀብታም ነዎት!» አለኝ። ማሞገሱ ነበር።

ይህ እንግዲህ የአገራችን ነገር ነው። የወፈረን ሰው «ተመችቶሃል፣ አማረብህ» እንለዋለን። የከሳውን «ምነው? ደኅና አይደለህም?» እንለዋለን። በልጅነታችን ዘመን መክሳት በሹክሹክታ የሚወራ ሌላ ትርጉምም ነበረው። ስለዚህ በሌላ አገር ሰው ክብደት ሲቀንስ ጭብጨባ ሲከተለው፣ እኔን የተከተለኝ ኀዘኔታ ነው። አምስት ኪሎ ስቀንስ አንዲት ደንበኛችን በመስኮቱ ቀዳዳ አጎንብሰው «ልጄ፣ ሐሳብ ይዞሃል?» አሉኝ። አሥር ስቀንስ የሥራ ባልደረባዬ ለብቻዬ ጠርቶ «ገንዘብ ቸግሮህ ከሆነ ንገረኝ» አለኝ። ደግነቱን አልረሳም። ነገር ግን ማንም «በርታ» አላለኝም።

ለእነርሱ ልመልስላቸው የፈለግሁትን በባንክ ቋንቋ አውቀዋለሁ። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ጉድለት ከተገኘ ከገንዘብ ከፋዩ ይተካል። ትርፍ ቢገኝስ? ትርፍም ደስ አያሰኝም። ይመዘገባል፤ ባለቤቱ ይፈለጋል፤ ከፋዩም ይጠየቅበታል። በእኛ ሙያ ትርፍ የጉድለት ወንድም ነው፤ ሁለቱም ሒሳቡ አልመጣም ማለት ናቸው። አንድ ሌሊት በዚሁ ሐሳብ አራት ስንኝ ጻፍሁ፤

ጎደልክ አትበሉኝ፣ ቀለል ብል ከሸክሜ፣
ትርፌን ነው የመለስሁ ለባለቤት ዕድሜ፤
አንድ ቀን አይደለም፣ ዘወትር በመንገዱ፣
እግሬ ነው ከፋዩ፣ ዳገት ነው ሰነዱ።

ግጥምነቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ለእኔ ግን «በርታ» የሚል ሰው በጠፋበት ሰዓት በርታ ብላኛለች።

ልጁ በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት ይመዝነኛል። በሦስተኛው ወር ሳላዘው ቁጥሬን ደብተሩ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ። 112፣ 109፣ 107። በስምንተኛው ወር 104 ሆንሁ፤ የሐኪሙ ስምንት ኪሎ ሞላ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ 99 ስል ልጁ «ጋሼ፣ ሁለት ቤት ገቡ!» ብሎ በደስታ ጮኸ። ባለ ሦስት አኃዝ የነበረው ክብደቴ ባለ ሁለት አኃዝ መሆኑ ነው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ግንቦት ላይ 94 ደረስሁ። አንድ ኪሎ ቀርቶኝ ነበር፤ 93 ላይ ሐኪሙ ከነገረኝ ከ30 መስመር ጋር እገናኛለሁና።

ከዚያ ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ዝናቡ ስለበረታ «ለዛሬ ብቻ» ብዬ ታክሲ ያዝሁ። ያ «ለዛሬ ብቻ» ሦስት ወር ቆየ። መስቀልም በክትፎው አለፈ። ሱሪዬ ሲጠበኝ አውቄዋለሁ፤ ሚዛን ላይ መውጣት ግን ፈራሁ። ከታክሲ ወርጄ በልጁ ፊት ላለማለፍ አስፋልቱን ተሻግሬ በወዲያኛው ዳር መሄድ ጀመርሁ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ በቀን ስንት ሺህ ብር የሚቆጥር ሰው፣ ከአንድ ልጅ ተደበቅሁ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ከኋላዬ «ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚዛኑን ብብቱ ሥር አድርጎ መንገዱን ተሻግሮ መጥቷል። ለምን እንደጠፋሁ አልጠየቀኝም። ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ ከ94 በታች የቀሩብኝን ወራት መስመር አስምሮ ባዶውን ትቶታል። «ቦታ ትቼልዎታለሁ» አለኝ። እዚያው ወጣሁ፤ 101። ምንም አላለም። ከባዶዎቹ መስመሮች በታች 101 ብሎ ጻፈና ደብተሩን ዘጋ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ማበረታታት ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። ሰውን የሚያነሣው ሁልጊዜ ጭብጨባ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሳይነቅፍና ሳያሞግስ ቁጥሩን የሚጽፍልህ፣ ስትጠፋም ቦታህን ባዶ አድርጎ የሚጠብቅህ ሰው ይበቃሃል። እኔም በስንፍና ወር የራሴን ስም ማጥፋት ትቼ፣ ባዶውን መስመር ባዶ ብዬ ወደሚቀጥለው መሄድ ተማርሁ። በማግስቱ ማታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ሽቅቡን ሳላቋርጥ ወጣሁ።

93ን ያለፍሁት በዓመቱ ሰኔ ላይ ነው። ለማንም አልተናገርሁም፤ ያን ዕለት ግን ገንዘብ ስቆጥር ያንጎራጎርሁ ይመስለኛል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በታላቁ ሩጫ ከመስቀል አደባባይ ከሕዝቡ ጋር ተነሣሁ። አሥር ኪሎ ሜትሩን ግማሹን ሮጬ፣ ግማሹን ተራምጄ ጨረስሁ። ከዓመታት በፊት ጓደኛዬ ያንኑ ሩጫ አብረን እንሩጥ ብሎ ከነፍስ ወከፍ ቲሸርቱ ቢገዛልኝ፣ ቲሸርቱ ደረቴ ላይ ቀርቶ አልወርድ ብሎኝ ነበር። የአሁኑ ሰፋኝ።

ቀበቶው እንግዲህ። በ2017 ፋሲካ አርጌ ሳልሄድበት ከነበረው ከደብረ ብርሃን፣ ከእናቴ ቤት ደረስሁ። 86 ኪሎ ነበርሁ፤ ወገቤ ላይም የአባቴ ቀበቶ ታጥቋል። እናቴ በር ላይ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን በእጇ ዳበሰችው፤ አጥንት እንደሚፈልግ ሰው። እናቴ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች፤ በመንገድ ዳር ያየችውን ዛሬም አትናገረውም። ለእርሷ የልጅ ውፍረት ጌጥ አይደለም፤ ሞት ሩቅ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ሁለተኛውንም መክሳት አይታለች፤ የአባቴን። አባቴ ሲከሳ ሁላችንም «ሐሳብ ነው» አልን። ሱሪው እየወለቀ ሲያስቸግረው ሚስማር እሳት ላይ አግሎ ቀበቶውን ይበሳ ነበር። አንድ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት፤ ከዚያ ሦስት። ስኳር መሆኑ የታወቀው ከሦስተኛው ቀዳዳ በኋላ ነው። እናቴ ያን የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ታስታውሳለች።

ዶሮው ቀርቦ ከበላን በኋላ፣ ጎረቤቶቹ ሲሄዱ፣ «ና እስቲ ወዲህ» አለችኝ። ፊቷ ቆምሁ። መነጽሯን አላደረገችም፤ በጣቷ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘለበቱ ሦስተኛው ላይ ነበር፤ ከአጠቃቀም ብዛት ሞላላ ሆኖ የሰፋው፣ የዘለበቱ ጠባሳ የታተመበት የፋብሪካው ቀዳዳ።

«ይሄ የአባትህ ነው» አለች። «ደኅና የነበረ ጊዜ።»

«አዎ፣ እማዬ። ደሜንም አስመርምሬአለሁ፤ 119 የነበረው 96 ሆኗል።»

ቁጥሩ ለእርሷ ምንም አልነበረም። ጣቷን ወደ ተቃጠሉት ሦስቱ አስጠግታ ሳትነካቸው መለሰችው። «እንግዲያው እዚህ ላይ ቁም፤ ወደነዚህ እንዳትሄድብኝ» አለች። ቃል ገባሁላት። በማግስቱ ስነሣ በየዓመቱ ቅቤና ድፎ ዳቦ ትቋጥርልኝ የነበረችው እናቴ የሰጠችኝ የገብስ ቆሎ ነበር። «ለመንገድህ» ማለት ልማዷ ነው። ያን ዕለት «ለእግርህ» አለችኝ።

በወሩ መጀመሪያ ልጁ መዘነኝ። አሁን ድምፁ ጎርንኖ ጎረምሳ ሆኗል። 86 ብሎ ጻፈና «ጋሼ፣ ስንት ላይ ነው የሚያቆሙት?» አለኝ። «እዚሁ ላይ» አልሁት። ጥቂት አሰበና «እንግዲህ አይመጡም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እመጣለሁ እንጂ። ሒሳብ የሚዘጋው በየቀኑ ነው።»

ደብተሩ አልቆ ነበር። ከቦርሳው አዲስ አውጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፈ።