የደብዳቤው ሻለቃና የዘገየው ሜዳይ

ስለ ጦርነት ሲወራ ጆሮ የሚስበው የመድፉና የታንኩ ነገር ነው። በመዝገብ ቤት አቧራ መካከል ዘመናችንን ያሳለፍን እኛን የመሰልን ሰዎች ግን ወረቀቱን ለባለቤቱ የምታደርሰው እጅ ታሳስበናለች። የ6888ኛው የአሜሪካ የፖስታ ሻለቃ ጦር ታሪክ የማረከንም ስለዚህ ነው።

የዚህ ጦር የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1945 በፌብሩዋሪ ወር በሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ መሪነት ወደ በርሚንግሃም ከተማ ገባ። ቁጥራቸው በጠቅላላው 855 ሲሆን፥ ሁሉም ሴቶች፥ አብዛኛዎቹም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የጠበቃቸው እስከ ጣራው ድረስ በደብዳቤና በጥቅል የተሞላ ብርዳም መጋዘን ነው። መስኮቶቹ የአየር ጥቃት ስለሚፈራ ጠቁረዋል፤ በየጥቅሉ ውስጥ የተበላሸው ምግብም አይጥ ጠርቷል። የተከማቸው 17 ሚሊዮን ያህል መልእክት ነበርና ሥራው በስድስት ወር እንዲያልቅ ታዘዘ። እነርሱ ግን ቀንና ሌሊት በሦስት ፈረቃ ተተካክተው፥ በየፈረቃው 65,000 ያህል እየለዩ፥ በሦስት ወር ጨረሱት።

ሥራው ቀላል ይመስላልን? ሮበርት ስሚዝ የሚባል ወታደር ብቻ ከ7,000 በላይ ነበር። ሰባት ሚሊዮን የሚያህል ካርድ አዘጋጅተው አንዱን ከሌላው የሚለዩት በወታደርነት ቁጥሩ ነው። (በምናውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ተስፋዬ የሚባሉ ሦስት ጸሐፊዎች ስለ ነበሩ የአንዱ ደመወዝ ለሌላው ሲከፈል ከርሟል፤ ሦስት ብቻ ነበሩ!) ባለቤቱ ሞቶ የተገኘውን ደብዳቤ ወደ ላኪው መመለስም የእነዚሁ ሴቶች ፋንታ ነበር። የእናት እጅ ጽሕፈት ያለበትን ፖስታ እንዳልተከፈተ ወደ እናቲቱ መላክ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢያችን ይገምተው።

ከዚያም ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻገሩ። ሦስቱ በመኪና አደጋ ምክንያት ሕይወታቸው አልፎ በኖርማንዲ ተቀበሩ። የቀሩት እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሻለቃው ያለ ሥነ ሥርዓት ተበተነ። እርግጥ እንደ ማንኛውም ዘማች የዘመቻ ሜዳይ አግኝተዋል፤ ሻለቃው በአንድነት የተመሰገነው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የምክር ቤቱን የወርቅ ሜዳይ የሚሰጠው ሕግ የተፈረመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 14 ቀን 2022 ነው። በእንደራሴዎች ምክር ቤት 422 ድምፅ ሲደግፈው አንድም ተቃዋሚ አልተገኘም።

ይህ ቁጥር አስደሰተን፤ ደግሞም አስቈጣን። ተቃዋሚ የሌለው ነገር ሰባ ስድስት ዓመት ምን አቈየው? ደብዳቤ መለየት ጦርነት አይደለም የሚል ቢኖር፥ በምሽግ ውስጥ ሆኖ ከቤቱ ወሬ ያጣውን ወታደር ይጠይቅ። እኛ እንደሚመስለን ያዘገያቸው ጠላትነት ብቻ አልነበረም፤ ጥቁርነታቸውና ሴትነታቸው ከሥራቸው ጸጥተኛነት ጋር ተደራርቦ ጋረዳቸው እንጂ። ሻለቃ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዐርፈዋል። ሜዳዩ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 29 ቀን 2025 በዋሽንግተን ሲሰጥ በሕይወት የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

ወርቁ አንድ በመሆኑ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር እንዲቀመጥ ሕጉ አዝዟል። የነሐሱን ቅጂ ግን የመንግሥቱ ገንዘብ መቅረጫ ቤት እንዲሸጠው ተፈቅዷልና፥ የእናቷን ክብር በቤቷ ልታኖር የምትሻ ልጅ ዋጋውን ከፍላ መውሰድ ትችላለች።