ግማሹ በጀት አፍንጫ ስር

ጌም የሚጫወት ሁሉ ሳያየው አልቀረም፡፡ ራቅ ያለ ሕንፃ ላይ መስኮቱና ግድግዳው ‹‹እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም›› እየተባባሉ ይብለጨለጫሉ፡፡ ባለሙያዎቹ ዚ ፋይቲንግ ይሉታል፡፡ ገና ያልተሠራ አፓርታማ በኮምፒውተር እየሣሉ ለገዢ የሚያሳዩ ወዳጆች አሉኝ፤ ሥዕሉ ሲብለጨለጭ ገዢው ሕንፃውንም ይጠረጥራል፡፡ የሚሰጣቸው ምክር ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ ‹‹ግራፊክስ ካርዱን ቀይሩት!›› እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፡፡ እዚህ አገር ካርድ መቀየር የጫማ ክር እንደ መቀየር አይደለማ!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዷ ፒክስል፣ ከቀለሟ ሌላ፣ እዚያ ላይ የተሣለው ነገር ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ይመዘግባል፡፡ አዲስ ነገር ሲመጣ ያስተያያል፤ ከቀረበ ይሣላል፣ ከራቀ ይቀራል፡፡ መዝገቡ ዴፕዝ በፈር ይባላል፡፡ ኋላ ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኤድ ካትሙል በ1974 እ.ኤ.አ. ዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ላይ ገልጾታል፡፡

በ16 ቢት የተያዘ መዝገብ ለርቀት ያሉት ቁጥሮች 65,536 ብቻ ናቸው፡፡ በ24 ቢት 16.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ፡፡ ‹‹ታዲያ 24ን ይዞ መገላገል ነዋ!›› ትሉኝ ይሆናል፡፡ ቆዩማ… ጉዱ ያለው ከብዛታቸው ይልቅ አከፋፈላቸው ላይ ነው፡፡ በተለመደው ስሌት ለቅርብ ይዘንባል፣ ለሩቅ ያካፋል፡፡ ካሜራው ማየት የሚጀምርበትን ወሰን 10 ሳንቲሜትር፣ የሚያበቃበትን 1,000 ሜትር አድርጉት፡፡ የቁጥሮቹ ግማሽ 20 ሳንቲሜትር ላይ አልቋል! ግማሽ ስንዝር ለማትሞላ ቦታ ግማሹ በጀት ተበላ፤ የቀረውን ኪሎሜትሩ ሁሉ ይሻማበት፡፡ (ይህን አከፋፈል ሌላም ቦታ የምናውቀው ይመስለኛል፡፡)

ውጤቱን በ100 ሜትር ላይ እንየው፡፡ በ16 ቢት ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 1.5 ሜትር ያህል አለ፤ መስኮትና ግድግዳ ቢምታቱ ምን ይገርማል? በ24 ቢት ክፍተቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፡፡ አሁን የቅርቡን ወሰን ከ10 ሳንቲሜትር ወደ 1 ሜትር ግፉት፡፡ በ16 ቢት የነበረው 1.5 ሜትር 15 ሳንቲሜትር ሆነ! አሥር እጥፍ፣ በነፃ፡፡ የሩቁን ወሰን በግማሽ ብትቆርጡት ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም፡፡

‹‹32 ቢት ፍሎትስ?›› ለብቻው ከ24 ብዙም አይሻልም፡፡ ፍሎት ቁጥሮች ዜሮ አጠገብ እንደ ጤፍ የረቀቁ ናቸው፤ በተለመደው አሠራር ግን ዜሮ የሚሰጠው ለቅርቡ፣ ማለትም ለጠገበው ነው፡፡ መዝገቡን ገልብጡት፤ ቅርቡ 1፣ ሩቁ 0 ይሁን፡፡ ያኔ ርቀቱ የነሳውን ፍሎቱ ይመልሳል፡፡ ዩኒቲና አንሪል የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው፡፡ በኦፕን ጂ ኤል የሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያ የጥልቀቱን ክልል ከ0 እስከ 1 ማድረግ አለበት፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከ4.5ኛው ስሪት ጀምሮ፣ ይቻላል፡፡

ሁሌ ትልቁ ይመረጥ ማለቴ ግን አይደለም፡፡ 1920 በ1080 ለሆነ ስክሪን 16 ቢት 4 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ 32 ቢት 8 ይይዛል፤ ርካሽ ስልክ ላይ ይሄ ፍጥነትና ባትሪ ነው፡፡ አንድ ሳሎን ብቻ ለሚያሳይ ሥራ፣ ወሰኑ 30 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ 16 ቢት 10 ሜትር ላይ እንኳ በ5 ሚሊሜትር ይለያል፡፡ ይበቃል!

እናም የሚብለጨለጭ ሥራ ሲያሳዩኝ ስለ ካርዱ አልጠይቅም፡፡ ‹‹ካሜራህ ማየት የሚጀምረው ከየት ነው?›› እላለሁ፡፡ ብዙ ጊዜ ወጪው እዚያው ያበቃል፡፡