ለሶፋ ስንት ይበቃል?

በዚህች የትምህርት ክፍላችን ቡለቲን ላይ ስለ ሚዲያ ነፃነት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ካፌ ምግብ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ስለ ሶፋ ልጽፍ ነው። አትሳቁ! ነገሩን እስክትጨርሱት ታገሡኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ስንት ጊዜ ሶፋ ይገዛል? አብዛኛው ሰው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። ስኳርና ዘይት በየወሩ ስለምንገዛ ሲጨምርም ሲቀንስም (ኧረ መቼ ቀንሶ!) እናውቀዋለን። ሶፋ ላይ ግን ልምድ ያለው ሻጩ ብቻ ነው። ገዢው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ስለዚህ «ስንት ላውጣ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ የምንለካበት ነገር እናጣና የጎረቤትን ሳሎን እንለካለን።

አባቶች «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይላሉ። ጥሩ አባባል ነው፤ ለቀሚስም ለጫማም ይሠራል። ሶፋ ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሶፋው ላይ የሚቀመጠው ጎረቤቱ ነው። የቤቱ ሰውማ ቡና ሲፈላ ዱካ ስቦ ረከቦቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ስሙም ቢሆን የሚያስገርም ታሪክ አለው። ሶፋ የሚለው ቃል የመጣው «ሱፋ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ ከወለል ከፍ ያለ መቀመጫ ማለት ነው። በመዲና የነቢዩ መስጊድ ውስጥ ቤት ያልነበራቸው ሶሓቦች የሚጠለሉበት ስፍራም ሱፋ ይባል ነበር፤ ሰዎቹ «አህሉ ሱፋ» ተብለው ይታወቃሉ። ዛሬ የሀብት ማሳያ ያደረግነው ስም ያኔ የድሆች መጠለያ ስም ነበር ማለት ነው። እኛም የራሳችን ሱፋ ነበረን፤ መደብ። በባቲ መንገድ ያለው የአያቴ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተከትሎ በጭቃ የተሠራ መደብ አለ። ቁርበት ይነጠፍበታል፣ በበዓል ደግሞ ምንጣፍ። ዋጋው ጭቃና ጉልበት ነው፤ ተሸክሞት የሚሄድም የለም።

የእኛ ቤት ሶፋ ግን ሄዷል።

እኛ ኮምቦልቻ ነን። እናቴና አባቴ በ2001 ዓ.ም. የገዙት ባለ 7 ሶፋ ነበረን፤ አንድ ባለ ሦስት፣ አንድ ባለ ሁለትና ሁለት ባለ አንድ። ቡናማ ነው። ጀርባው ላይ እናቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ይደረግበታል። እኛ ልጆቹ ላዩ ላይ ብንዘል ወዮልን! በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው የለበስነውን ይዘን ወጣን፤ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጋ ከረምን። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ በመንግሥት እጅ ተመልሰው ሲገቡ እኛም በታኅሣሥ ወደ ቤታችን ተመለስን። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሶፋው የለም። ማን እንደወሰደው አላየንም። የሶፋው እግሮች ያረፉበት ቦታ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ክብ ክብ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። በር ሥር አንድ ዳንቴል ወድቆ ተገኘ። እናቴ አጥባ፣ አጥፋ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ሳሎናችን ሁለት ፍራሽና አራት የፕላስቲክ ወንበር ነው። ቴሌቪዥን እንደምንም ተገዛ፣ ፍሪጅም ተገዛ። የሶፋው ተራ ሲደርስ ግን ሁሌ የሚቀድም ነገር አይጠፋም።

ዘንድሮ የእናቴ ዕቁብ ወጣ። ሰላሳ ሰው በየ15 ቀኑ ሁለት ሁለት ሺህ ብር የሚጥልበት ዕቁብ ነው፤ 60,000 ብር መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ። «ኧረ ወላሂ፣ ሽማግሌ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው?» አለች አክስቴ። ነገሩ በዚህ ተጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዕቁብ ሲወጣ ብር የተገኘ ይመስላል። እናቴ ዕጣው የደረሳት ግን በስድስተኛው ዙር ነው። ስለዚህ ገና ሃያ አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሺህ ትጥላለች፤ 48,000 ብር። ከ60,000ው ውስጥ እስካሁን የራሷ የሆነው 12,000 ብቻ ሲሆን ሌላው ያለ ወለድ የተበደረችው የጓደኞቿ ገንዘብ ነው። ዕቁብ የወጣለት ሰው ሱቅ ሲገባ ይህችን ሂሳብ ይረሳታል፤ ሻጩ ደግሞ እንዲያስታውሳት አይፈልግም።

«አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ሂጂና አጣሪ» ተባልኩ። መምህራችን በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና አይሠራም ስለሚሉን ሦስት ቦታ ሄድኩ። መጀመሪያ ከግቢ ወጥቼ እዚሁ ደሴ አንድ ትልቅ የፈርኒቸር መደብር ገባሁ። ግራጫ ቬልቬት የለበሰ፣ ትራሶቹ የሚያብለጨልጩ ኤል ሼፕ 92,000 ብር። «ላንቺ ቀንሰን ነው» አለኝ ልጁ፣ አይቶኝ የማያውቀው። በአይሱዙ ጭኖ ሐረጎን አስወርዶ ኮምቦልቻ የሚያደርስበት ለብቻው ነው። ሁለተኛ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ ሶፋ ሠሪ፣ ተመሳሳዩን በ55,000። ሦስተኛ አንድ አናጢ፣ መቀመጫው የሚነሳ የእንጨት ሶፋ ለሰባት ሰው፣ ከነጠረጴዛው 36,000። አክስቴ ደግሞ ሶፋውን ተዉትና መጅሊስ አንጥፉ፣ በ25,000 ይገኛል አለች። መጅሊስ ያምራል፤ አባቴ ግን ከወለል መነሳት እንደሚከብደው ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አፉን አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ።

አናጢው ሥራ እየሠራ ብዙ ነገር አስተማረኝ። የሶፋን ዕድሜ የሚወስነው ላዩ ሳይሆን ውስጡ ነው። አንደኛ እንጨቱ። በደንብ ያልደረቀ ባህር ዛፍ ቤት ከገባ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይተፋል። የሶፋውን አንድ ጥግ ይዛችሁ ከፍ አድርጉት፤ ሲጥ ሲጥ ካለና ከተወላገደ ተዉት። ሁለተኛ ስፖንጁ። ሰው ውፍረቱን ያያል፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ነው። ቀላሉ ሲገዙት ተነፍቶ ያምራል፣ ሲቆይ ጎድጉዶ ይቀራል። ዚፑን አስከፍቶ ማየት ነው። ዚፕ ከሌለው ስፖንጁ ሲሞት ሶፋው አብሮ ይሞታል፤ መቀመጫው የሚነሳ ከሆነ ግን ስፖንጁን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ሦስተኛው ጨርቁ ነው። ይህን ያስተማረኝ አናጢው ሳይሆን አባቴ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ላይ ቆሞ የኖረ ሰው ነው። የያዝኩትን ቁራጭ ናሙና ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፣ በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው፤ ከዚያ በጥፍሩ ክሩን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረገው። የ55,000ው ቬልቬት ድርና ማጉ ተንሸራተተ። «ይሄ ዓመት ሳይሞላው ስፌቱ ላይ ይተረተራል» አለ። የአናጢው ጨርቅ ሻካራ ነው፣ አያብረቀርቅም፤ ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ዋጋው ለምን እንዲህ ሰማይ ነካ? ስፖንጅ የሚሠራው ከነዳጅ ውጤቶች ከሚገኙ ኬሚካሎች ነው፤ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጡት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። ባህር ዛፉ ግን የሀገራችን ነው። እንግዲህ ሶፋው ውስጥ ስፖንጅና ቬልቬት በበዛ ቁጥር የምንገዛው ዶላር ነው ማለት ነው።

ሂሳቡን በወረቀት ሠራሁት። የ55,000ው በአምስት ዓመት ቢጎደጉድ በዓመት 11,000 ብር ወጣበት። የአናጢው እንጨት አሥራ አምስት ዓመት ቢቆይና በመካከሉ ስፖንጁ ሁለት ጊዜ በ12,000 ብር ቢቀየር ድምሩ 60,000 ነው፤ በዓመት 4,000 ብር። ስፖንጅ ባለበት ዋጋ እንደማይቆም አውቃለሁ፤ ቢጨምርም ግን ልዩነቱ ቶሎ አይጠበብም።

ማታ ቡና ተፈልቶ ይህን ሁሉ አነበብኩላቸው። ወረቀቴን ይዤ ዜና አንባቢ መስያለሁ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ቶናውን እየቀዳች «የኔ ሂሳብ ሌላ ነው» አለች።

«ያኔ ስንመለስ ሰው ልጁን ቀብሮ ተቀምጧል። እኔ ለሶፋ እንዴት አለቅሳለሁ ብዬ ተደብቄ ነው ያለቀስኩት። አሁን የምገዛው ቢሄድ የማላለቅስለትን ነው።»

«ስንት ነው እሱ?» አልኳት።

«ሃያ ሺህ።»

አባቴ ብዙ አይናገርም። ስኒውን አስቀመጠና «ይሄዳል እያልሽ የገዛሽው ዕቃ መቼም ያንቺ አይሆንም» አላት። «አራት ዓመት ሙሉ ቤታችን ገብተን ተፈናቃይ ነን። ነገ እንደሚነሳ ሰው መቀመጥ ይብቃን።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ወረቀቴን አጠፍኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሶፋ ዋጋ እያጣራሁ ይመስለኝ ነበር። እናትና አባቴ የሚከራከሩት ግን ነገን ስንት ያህል እናምነዋለን በሚለው ላይ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ክርክር አለ። ሰው ግድግዳውን ቀለም ሊቀባ ይልና ቆም ይላል። ቡፌ ሊገዛ ይልና «እስቲ ትንሽ እንይ» ይላል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ክልላችን ሙሉ ሰላም ስላላገኘ ቆም የሚለውን ሰው ፈሪ ማለት አይቻልም። እናቴ የምትለው እውነት ነው፤ የደረሰባት ነው የምታወራው። አባቴ የሚለውም እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ጓዙን እንደያዘ የሚኖር ሰው የገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። በክፍል ውስጥ ሚዛናዊ ዘገባ ማለት ሁለቱንም ወገን መስማት ነው ተብለን ተምረናል። እኔ ሁለቱንም ሰማሁ፤ ማንን ልደግፍ እንደሚገባኝ ግን አላወቅሁም።

የወሰነችው እናቴ ናት። በዚያው ማታ አባቴ ለመተኛት ከፍራሹ ሲነሳ በአንድ እጁ ግድግዳውን፣ በአንድ እጁ ጉልበቱን ይዞ ነበር። እናቴ ስኒ እያጠበች አየችው፤ ምንም አላለችም። በማግስቱ አናጢው ጋ አብረን ሄድን። በዋጋ ተከራክራ 36,000ውን ወደ 34,000 አወረደችው። ቀብዱን ልትከፍል ብሯን እየቆጠረች «የአንደኛው መቀመጫ ቁመቱ ከሌሎቹ አራት ጣት ከፍ ይበል» አለችው። አናጢው «ኧረ እናቴ፣ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም እኮ፣ ያስቀይመዋል» ቢላት «ያስቀይመው፤ አንተ ብቻ ሥራልኝ» አለች።

ከዕቁቡ 26,000 ብር ተረፈ። 10,000ው ለእህቴ ጉዳይ ተቀመጠ። 16,000ው ደግሞ የሚቀጥሉት ስምንት ዙሮች መዋጮ ነው፤ ለአራት ወር ያህል እናቴ ዕቁብ የምጥለው ከየት ነው ብላ አትጨነቅም ማለት ነው። የ55,000ውን ገዝተን ቢሆን ኖሮ እጃችን ላይ የሚቀረው 5,000 ብር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ቬልቬት ላይ ይቀመጡና እኛ በየ15 ቀኑ ብድር ፍለጋ እንወጣ ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሶፋ ልትገዙ ስትወጡ ዋጋውን መጨረሻ ላይ ጠይቁ። መጀመሪያ ማን ነው የሚቀመጥበት በሉ፤ በዓመት ሁለቴ የሚመጣ እንግዳ ነው ወይስ በየቀኑ ጉልበቱን ይዞ የሚነሳ ሰው? ቀጥሎ ውስጡን አስከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ከተገዛ በኋላ እጃችሁ ላይ ስንት እንደሚቀርና ከሱም ውስጥ ስንቱ የራሳችሁ እንደሆነ ቁጠሩ። እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ዋጋው ራሱ ይነግራችኋል። «ቢጠፋስ?» ለሚለው አራተኛ ጥያቄ ግን እኔም መልስ የለኝም። እናቴም መልስ ስላገኘች አይደለም ያዘዘችው፤ አባቴ እስከዚያ ድረስ ወለል ላይ መቀመጥ ስለሌለበት ነው።

ሁላችንንም ተረጋግተን የምንቀመጥበት ዘመን ያምጣልን።