ካይሮ ላይ አንድ ጁሙዓ



ባለፈው ጥር ለተማሪዎች የምህንድስና ዐውደ ጥናት ወደ ካይሮ የሄድነው ሦስት ነበርን፤ አንዱ ሲቪል፣ አንዱ ኤሌክትሪካል፣ አንዱ ውሃ ምህንድስና። ዐውደ ጥናቱ ሐሙስ ማታ አለቀ፤ በረራችን ቅዳሜ ሌሊት ነው። በመሃል ያለችው ጁሙዓ የራሳችን ሆነች። ስለ ዐውደ ጥናቱ ለዲፓርትመንቱ ሪፖርት ስላስገባን እዚህ አንደግመውም። ጀመዓው ደጋግሞ የጠየቀን ስለ ጁሙዓዋ ነው።

አስጎብኛችን ላፍቶ አብሮን ያደገ ልጅ ነው። ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ መድረሳ አንድ ላይ ነበርን። አሁን አዝሀር ሁለተኛ ዓመት ደርሷል፤ የሚኖረውም ለውጭ አገር ተማሪዎች በተሠራው መዲነቱል ቡዑስ ነው። የቀጠረን ለሱብሒ ሶላት አዝሀር መስጊድ ውስጥ ስለነበር ቀናችን ገና ሳይነጋ ጀመረ።

የአዝሀር ግንባታ በ970 ተጀምሮ በ972 የመጀመሪያው ሶላት ተሰገደበት (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው)። ከሶላት በኋላ ሰዉ ሲበተን ሰሐኑ ላይ፣ ነጩ እብነበረድ ላይ ተቀመጥን። ጓደኛችን ሊያሳየን የፈለገው ሚናራዎቹን አልነበረም፤ የሪዋቆቹን ታሪክ ነው። ሪዋቅ ማለት ከአንድ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚማሩበት፣ የሚያድሩበትና ከወቅፍ ገቢ ዳቦ የሚሰፈርላቸው የመስጊዱ ክፍል ነው። ወሎ ገታ ወይም ዳና ደረሶች እንደሚሰበሰቡበት ሐሪማ አድርጋችሁ አስቡት። የሶሪያዎች ነበራቸው፣ የመግሪቦች ነበራቸው፣ የቱርኮች ነበራቸው። የኛም ሰዎች ነበራቸው፤ ስሙም ሪዋቀል ጀበርት ይባላል።

ከዚያ ሪዋቅ ጋር ስሙ የተያያዘ አንድ ቤተሰብ አለ። ዐብዱራህማን አል-ጀበርቲን ብዙዎቻችን በታሪክ ጸሐፊነታቸው እናውቃቸዋለን። በ1753 ካይሮ ተወለዱ፤ ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን ሲይዝ በዓይናቸው ያዩትን ጻፉ። የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከኛው ቀጠና፣ ከጀበርት ምድር ነው። እኛን ያስገረሙን ግን አባትየው፣ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው። የሪዋቁ ሸይኽ ነበሩ፤ ፊቅህ ያስተምሩ ነበር፤ ከዚያ ጎን ለጎን ሂሳብ፣ ጂኦሜትሪና የፈለክ ትምህርት ያውቁ ነበር። ልጃቸው እንደጻፉት ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ጂኦሜትሪ ቀርተውባቸዋል። ዶርም ውስጥ «መድረሳ የዋለ ልጅ ካልኩለስ ይከብደዋል» እያለ የሚቀልድብን አንድ ወዳጅ አለን። ስሙን አንጠራም፤ ይህን ጽሑፍ ማንበቡ ግን አይቀርም።

ቁርሳችን ፉልና ጣዕሚያ ነበር። ፉሉ ከመርካቶው ብዙም አይለይም፤ ጣዕሚያ የሚሉት ፈላፍሉን ነው፣ ከባቄላ ይሠራል። እዚህ ላይ የመድረሳ ዐረብኛችን ተፈተነ። የሲቪሉ ልጅ አጅሩሚያን የጨረሰ ስለሆነ ለአስተናጋጁ ኢዕራቡን ሳያጓድል፣ መጨረሻውን ሁሉ እያነበበ አዘዘ። አስተናጋጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በዜና አንባቢ ድምፅ «ሐዲር ያ ሸይኽ» ሲል ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የመግዛቱን ሥራ ለአዝሀሪው ተውንለት።

ከዐተባ በሜትሮ ተሳፍረን ሳዳት ላይ ቀየርንና ማር ጊርጊስ ወረድን። ይህ ሜትሮ በ1987 ሥራ ሲጀምር በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከሳሪስ ስታዲየም በቀላል ባቡር ተጨናንቀን የምንሄድ ሰዎች ስለሆንን መጨናነቁ አልገረመንም፤ የገረመን ባቡሩ ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ነው።

ጁሙዓ የሰገድነው በዐምር ኢብኑል ዓስ መስጊድ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በ642 አካባቢ ሲሆን በየዘመኑ እየፈረሰና እየሰፋ አሁን ያለውን መልክ ይዟል። በአፍሪካ የመጀመሪያው መስጊድ እንደሆነ የነገሩን ሰዎች ብዙ ናቸው። ሶሓቦች ሐበሻ የገቡት በ615 መሆኑን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደዋል፤ የኤሌክትሪካሉም ልጅ ዝም አላለም። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለ ነጃሺ ረዥም ክርክር ገጠመ። ሽማግሌው በመጨረሻ «እናንተ ሙሃጂሮቹን ተቀበላችሁ፣ እኛ መስጊዱን ሠራን» ብለው አስታረቁት።

ከዚያ በእግራችን ወደ ረውዳ ደሴት ተሻገርን። ለኛ ቀኑ የተጀመረው እዚህ ነው። በደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ ሚቅያስ፣ ማለትም የዓባይ መለኪያ አለ። በዚያው ግቢ የኡሙ ኩልሱም ሙዚየም ስላለ ሰው የሚጎርፈው ወደዚያ ነው፤ ሚቅያሱ ጋ ከኛ በቀር ሁለት ቱሪስቶች ብቻ ነበሩ። ከውጭ ሲያዩት ሾጣጣ ጣሪያ ያላት ትንሽ ቤት ናት። ሲገቡ ግን ወለል የለም፤ በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። መሃሉ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን የእብነበረድ ዓምድ ቆሟል፤ በግድግዳው ዙሪያ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል።

የተሠራው በ861፣ በ247 ዓመተ ሂጅራ፣ በዐባሲዩ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ትእዛዝ ነው። ሥራው ለአል-ፈርጋኒ ይሰጣል፤ ከፈርጋና፣ ከዛሬዋ ኡዝቤኪስታን የመጡ የፈለክ ሊቅ ናቸው። ዓምዱ 19 ክንድ ሆኖ ተከፍሏል፤ አንዱ ክንድ ወደ 54 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ውሃው ከወንዙ የሚገባው በምሥራቅ በኩል በተለያየ ከፍታ በተቀመጡ ሦስት ቦዮች ነበር። የውሃው ልጅ እዚህ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ለመነሳት እንቢ አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ወንዝ ላይ በቀጥታ መስፈሪያ ብታቆሙ ሞገዱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ትክክለኛውን ቁመት አታነቡም። ውሃውን በቦይ ወደ ጉድጓድ ብታስገቡት ግን ይረጋል፤ ያኔ ይነበባል። ዛሬም በወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች የሚሠራበት መርህ ይኸው ነው። በላብራቶሪ ማኑዋላችን ውስጥ ያለ ሥዕል ከ1,100 ዓመት በላይ አርጅቶ፣ በግድግዳው ላይ ስለ ዝናብ፣ ስለ ውሃና ስለ አዝርዕት የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾች በኩፊ ተቀርጸውበት ፊታችን ቆሟል።

ንባቡ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ውሃው 16 ክንድ ከደረሰ መስኖው ይሞላል፣ የመሬት ግብሩም ይጠየቃል። ካልደረሰ ረሃብ ነው፤ በጣም ካለፈ ጎርፍ። በክረምት ለፋፊዎች በየቀኑ በካይሮ መንገዶች እየዞሩ ውሃው ስንት ጣት እንደጨመረ ያውጁ ነበር። ከ1065 እስከ 1072 በፋጢሚዩ ገዥ በአል-ሙስተንሲር ዘመን ውሃው ደጋግሞ በማነሱ የደረሰውን እልቂት ግብጾች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። ያ ውሃ ደግሞ አብዛኛው የኛ ክረምት ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች፣ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል የሚወርድ ነው። ማለትም ጎጃምና ወለጋ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲያንስ ዓምዱ ላይ የሚያነበው ሰው ያውቀዋል፤ ለምን እንዳነሰ ግን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ሌላም ምህንድስናዊ ታሪክ አዝሀሪው አስታወሰን። ኢብኑል ሀይሠም፣ ያው የኪታቡል መናዚሩ፣ ዓባይን መቆጣጠር እችላለሁ ብለዋል ተብሎ ከበስራ ወደ ካይሮ ተጠሩ። ወደ ላይ ተጉዘው አስዋን አካባቢ ቦታውን ሲያዩ በዘመኑ አቅም እንደማይሆን ገባቸው። ተመልሰው ይህን ለገዥው ለአል-ሓኪም መንገር አደገኛ ስለነበር እብድ መስለው ከሥራው ገለል እንዳሉ ይተረካል። ከገዥው ሞት በኋላም አዝሀር አጠገብ ኪታብ እየገለበጡ ኖሩ ይባላል። የሲቪሉ ልጅ «የአዋጭነት ጥናት ማለት እኮ ይህ ነው» አለ።

ዐስር ሰግደን ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። ፈሉካ በምትባለው ባለ ሸራ ጀልባ ለአንድ ሰዓት ለመሄድ ተስማማን። ከመሳፈራችን በፊት በመሃላችን ጠዋት የተጀመረ ጭቅጭቅ እንደገና ተነሳ። የኤሌክትሪካሉ ልጅ «ከየት ናችሁ ካሉን ሱዳን እንበል፤ የግድቡ ወሬ ከተነሳ ቀኑ ይበላሻል» የሚል አቋም ነበረው። አዝሀሪው «ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አንድ ቀን አልዋሸሁም፤ ዛሬም አልዋሽም» አለ። ጭቅጭቁ ሳያልቅ ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ጀልበኛው ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ገና ሸራውን ሳይዘረጉ ጠየቁን።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ከሐበሻ፣ ያ ዐሚ» አለ አዝሀሪው።

«አሃ፣ ከላይ ናችኋ!» አሉና መቅዘፊያውን አስተካከሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ግድቡን በዓይናችሁ አይታችሁታል?»

ማናችንም አላየነውም። ያላየነውን በቁጥር ነገርናቸው፦ ከፍታው 145 ሜትር፣ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት፤ ሥራው በ2011 ተጀምሮ በመስከረም 2025 ተመረቀ። ከኛ የአንዱ እናት ከጉሊት ትርፋቸው ቆጥበው ቦንድ መግዛታቸውን፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ እንዳጠናንም ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጥሮቹ ብዙም አልገረሟቸውም።

«እሺ፣ ዝናቡ በቀረ ዓመትስ?»

የሦስቱ አገሮች ተደራዳሪዎች ለዓመታት የተቀመጡበትን ጥያቄ በአንድ አፍ ጠየቁን። የውሃው ልጅ አልሸሸም። ግድቡ ውሃውን እንደማይጠጣው፣ መብራት እንዲሆን በተርባይኑ አልፎ መውረድ እንዳለበት አስረዳቸው። አንድ ዓመት ቢደርቅ የተጠራቀመው ውሃ ለታችኛውም አገር እንደሚጠቅም ነገራቸው። ቀጥሎ ግን ድርቁ ዓመት በዓመት ላይ ከተደራረበ ስንት እንደሚለቀቅ አስቀድሞ መስማማት እንደሚያስፈልግ፣ በ2015 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫም ይህን በቁጥር እንዳልቋጨው ሳይደብቅ ተናገረ። የኤሌክትሪካሉ ልጅ በአማርኛ «አንተ ለማን ነው የምትከራከረው?» አለው። «ለማንም፤ የጠየቁኝን ነው የመለስኩት» አለ። ከመካከላችን ማን ልክ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አብዛኞቻችን ግን ከምህንድስና ተማሪ የሚጠበቀው የሁለተኛው መልስ ነው እንላለን።

ሰውየው አዳመጡና ስለ አያታቸው አወሩን። የአስዋኑ ትልቁ ግድብ ሳይሠራ በፊት በነሐሴ ውሃው ይቀላ ነበር፤ አያታቸው ቀለሙን አይተው ጎርፉ መቃረቡን ያውቁ ነበር። «ያ ቀይ የናንተ አፈር ነበር» አሉ። አሁን ውሃው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው።

«ቤታችሁ ወንዙ አጠገብ ነው?»

እዚህ ላይ የውሃው ልጅ ሳቅ ቀደመው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወዲህ ናት። ከእንጦጦ ሸንተረር በሰሜን በኩል የዘነበው ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡብ በኩል ያለው ወደ አዋሽ። ላፍቶ ጣሪያችን ላይ የሚወርደው ዝናብ በመካኒሳ በምታልፈው በትንሹ አቃቂ፣ ከነፌስታሉና ከነሽታው፣ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም አፋር ምድር ውስጥ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፣ ባሕር አይደርስም። አንዲት ጠብታ ካይሮ አትመጣም። ይህ ሲተረጎምላቸው ጀልበኛው መቅዘፊያውን እስኪለቁ ሳቁ። «ታዲያ እናንተን ምን አገባችሁ?» አሉን። እኛም ሳቅን። የመካኒሳን ወንዝ ዳር ከዚህ ኮርኒሽ ጋር ማነጻጸሩን ግን በውስጣችን አደረግነው፤ ጮክ ብለን አላወራነውም።

ፀሐይ ወደ ጊዛ በኩል እያዘቀዘቀች ሳለ ወደ ዳር ተመለስን። የመግሪብ አዛን ከሁለቱም ዳርቻ ተያያዘ። ጀልበኛው ገመዱን አስረው፣ ከወንዙ ውዱእ አድርገው ከፊት ቆሙ፤ እኛ ተከትለናቸው በዳሩ ሣር ላይ ሰገድን። ከሶላት በኋላ «ዝናባችሁ መቼ ይጀምራል?» አሉ። «ሰኔ፣ ኢንሻአላህ» አልናቸው። «አላህ በረካ ያድርግበት» አሉ፤ አሚን አልን።

ሒሳብ ስንከፍል አዝሀሪው በካይሮ ዐረብኛው «ያ ዐሚ፣ ለላይኛው ጎረቤት ቅናሽ የለም?» ብሎ ሞከረ።

ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ቅናሹን ከላይ ያለው ይጀምር» አሉ።