የሯጭ አንጀት በእንጦጦና በፖቶማክ ዳር

በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታ ሜዳና በሰንዳፋ መንገድ ገና ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡት ልጆቻችን ከዋዜማው እራት በቀር አንዳች ሳይቀምሱ፣ ብዙዎቹም ውኃ እንኳ ሳይጎነጩ ልምምዳቸውን ፈጽመው ከተመለሱ በኋላ ነው ወደ ቁርስ የሚቀርቡት፤ እዚህ በቨርጂኒያ ግን ቅዳሜ ማለዳ በፖቶማክ ወንዝ ዳር አብረውኝ የሚሮጡት ወገኖቼ ጠርሙስና የስኳር ጄል በወገባቸው ታጥቀው ይመጣሉ፤ ሳይነሡም ይበላሉ፣ እየሮጡም ይበላሉ። በሁለቱም ስፍራ እግሩ ገና ሳይደክም ሆዱ አሸንፎት ከመንገድ የሚወጣ ሯጭ ስላየሁ፣ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ሰው በብርቱ ሲሮጥ ደሙ ወደሚሠሩት ጡንቻዎች፣ ሙቀቱንም ለማስወጣት ወደ ቆዳ ስለሚያደላ፣ ለጨጓራና ለአንጀት የሚደርሰው ደም እጅግ ያንሳል፤ ሩጫው በከበደ መጠንም ጉድለቱ እስከ 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ደም ያጠረው አንጀት የተቀበለውን ምግብ መፍጨትና መምጠጥ ይሳነዋል፤ በዚህ ላይ የሰውነት መናወጥ፣ የፀሐይ ሐሩርና የውኃ ጥም ሲጨመሩ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠት፣ መነፋትና ተቅማጥ ይከተላሉ። እንግዲህ የአገራችን የማለዳ ተዐቅቦ፣ ምክንያቱን ማንም ሳይዘረዝርለት፣ አንጀትን ከዚህ መከራ ሲጠብቅ ኖሯል።

ዳሩ ግን ማራቶን የአንድ ሰዓት ልምምድ አይደለም፤ በባዶ ሆድ መሮጥን ብቻ የለመደ አንጀት በውድድር ቀን በየ5 ኪሎ ሜትሩ የሚቀርብለትን ጣፋጭ መጠጥ በድንገት ሲቀበል ይታወካል። አንጀትም ልምምድ የሚቀበል አካል ነውና፣ ከውድድሩ አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት በረጅሙ ሩጫ ቀን በሰዓት ከ30 ግራም ስኳር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እስከ 60 ማድረስ ይገባል። ግሉኮስ ብቻ ከሆነ አንጀት ከዚህ ብዙም አልፎ አይቀበልም፤ ፍሩክቶስ ግን የራሱ መተላለፊያ ስላለው፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሚገባ የለመደ ሯጭ እስከ 90 ግራም ሊወስድ ይችላል። ጄሉንም በንጹሕ ውኃ እንጂ በጣፋጭ መጠጥ ማወራረድ አይገባም፤ የበዛ ስኳር ከሰውነት ውኃ ስቦ ወደ አንጀት ያስገባልና።

በዋሽንግተን አካባቢ በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ የሚሮጠው የማሪን ኮር ማራቶን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በጾመ ጽጌ ውስጥ ይውላል፤ ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም ከእኛ መካከል የሚጾሙት ጥቂቶች አይደሉም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በሌላው ጊዜ የተመሰገነ ምግበ ሥጋ ሲሆኑ፣ በውድድር ዋዜማ ግን ሳይፈጩ የሚቀሩት ቃጫዎቻቸው አንጀትን ይሞላሉ፣ ይነፋሉም። ስለዚህ ጿሚው ሯጭ በመጨረሻው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ነጭ የጾም ዳቦና ሙዝ ቢመርጥ፣ ጾሙም አይፈርስበትም፣ ሆዱም ይቀልለታል። ውድድሩ እሑድ ሲሆን፣ በቅዳሜና በእሑድ ከእህል ተከልክሎ እስከ ሰዓት መቆየት በሥርዓቱ ስለሌለ፣ ከመነሻው 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ነገር መቅመስ ይችላል። የምንወደው በሶ ግን፣ እርሱም ቃጫ አያጣውምና፣ ሩጫው እስኪያልቅ ይቆየን።

በዚህ አገር አጥብቄ የምቃወመው፣ ሕመም ሳይመጣ ይከላከልልኛል ብሎ ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፌን መዋጥን ነው፤ መድኃኒቱ ደም ያጠረውን የአንጀት ሽፋን ይባስ ይጎዳል፣ ለኩላሊትም አይበጅም። በአገር ቤት ደግሞ የሆድ ሕመም ሁሉ አሜባ ወይም ጃርዲያ ነው እየተባለ፣ ሰገራ ሳይመረመር ሜትሮኒዳዞል ይዋጣል፤ በተቃራኒው ከአገር ቤት ጃርዲያ ይዞ የተመለሰ ሰው እዚህ ወራት ሙሉ ሩጫውን ሲከስ ይኖራል። ይህን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ሩጫ በሌለበት ቀንም የማይተው ተቅማጥ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ቁርጠት፣ ወይም በሰገራ ላይ ደም የታየበት ሰው ግን፣ ውድድሩ ነገ እንኳ ቢሆን፣ ጫማውን አስቀምጦ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።