ከጋይንት ቤተ ልሔም እስከ ቤታችን ደጃፍ
ስለ ልደት መብራት

ቤተ ልሔም የሚለው ስም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሦስት ቦታዎች ስም ነው። አንደኛይቱ ጌታችን የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ናት። ሁለተኛይቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፥ በምሥራቅ በኩል ተሠርታ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት፤ ስሙ ሲተረጐም «የእንጀራ ቤት» ማለት ነውና ለሁለቱም ይስማማል። ሦስተኛው በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፥ በጋይንት ምድር የሚገኘው፥ የድጓ መምህራን የሚያስመሰክሩበት ታላቅ ደብር ነው። እኛም ከዓመታት በፊት በጾመ ነቢያት ወራት ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ተጉዘን ነበር። የሄድነው ዜማ ለመስማት ነው፤ ይዘነው የተመለስነው ግን ስለ መብራትም ትምህርት ሆነ። የልደት በዓል በቀረበ ቍጥር በየቤቱ ደጃፍ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ መብራት መስቀል እየተለመደ ስለ ሄደ፥ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ተራራ ሳያይ አያልፍም። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና ውርጩ ያጥንት ነበር፤ ገበሬው ግን በየዐውድማው እህሉን ያበራያል፥ ልጆችም በታጨደው ማሳ ላይ ዱላቸውን ይዘው ገና ይጫወታሉ። ነፋስ መውጫ ስንደርስ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችበትን ምክንያት ማንም ሳይነግረን ዐወቅነው፤ የለበስነውን ጋቢ ሁለት እጃችን ይዞ ሊያቆመው አልቻለም። ያን ነፋስ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤተ ልሔም ስሟ የገነነው በቅዱስ ያሬድ ድርሰት በድጓ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ዜማውን በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ከደረሰው በኋላ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩለት ይታወቃል። የድጓ ተማሪ በየትም አገር ቢማር፥ ሊቅነቱ የሚጸናለት ቤተ ልሔም ገብቶ ሲያስመሰክር ነው። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባም ከዚያው ከጋይንት ምድር የራቀ አይደለም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ ነበር። ከውጭ ሲያየው የሣር ክዳን ያለበት ክብ ቤተ ክርስቲያን መሰለው፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ቤት ውስጥ የተሰወረ፥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ያየውንም በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለዓለም ነገረ። እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን ይህ ነው፦ ሣር፥ እንጨትና ብራና በተሰበሰበበት ቦታ፥ በየሌሊቱ ጧፍና ሻማ እየበራ፥ ያ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያን ያህል ዘመን ሳይቃጠል እንዴት ቈየ?

መልሱን ያገኘነው በሌሊቱ አገልግሎት ላይ ነው። በሰም የተነከረው የጥጥ ፈትል፥ ጧፉ፥ በሰው እጅ ነበር። ወንጌል ሲነበብ ዲያቆኑ ጧፉን ይዞ ይቆማል፤ ንባቡ ሲፈጸም ያጠፋዋል። ጧፍ በእጅ ሲሆን ብርሃን ነው፤ ብቻውን ሲተው ግን እሳት ነው። ደግሞም አባቶቻችን ለእሳት የራሱን ቤት ሠርተውለታል። ኅብስቱ የሚጋገርባት ሁለተኛይቱ ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ ተለይታ በቅጽሩ ውስጥ ለብቻዋ መቆሟ ለሥርዐቱ ክብር ነው፤ ከዚህም ጋር የምድጃው እሳት ከመቅደሱ እንዲርቅ አድርጓል። እንግዲህ ሁለት ነገር ተማርን፦ ለእሳት ቦታ ይለይለታል፤ ለመብራትም ጠባቂ ይቆምለታል።

ከቤተ ልሔም ተመልሰን በልደት ዋዜማ በመንገዳችን ላይ ካለች አንዲት ከተማ ወዳጃችን ቤት ደረስን። ቤቱ ለበዓል ተሰናድቷል፤ ግቢው በውሃ ታጥቧል፤ ከቆርቆሮው ክዳን ጫፍ እስከ ብረቱ የግቢ በር ድረስ ቀይና አረንጓዴ መብራት ተዘርግቷል። ዐይናችን ገና ሳይጠግበው፥ የቤቱ ትንሽ ልጅ ባዶ እግሩን በርጥቡ መሬት ላይ ሮጦ የብረቱን በር ያዘና ጮኸ። እናቱ ልታላቅቀው ስትሮጥ አባቱ «አትንኪው!» ብሎ ወደ ቆጣሪው ዘለለና ኤሌክትሪኩን አጠፋ። ልጁ ወደቀ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ከድንጋጤና ከእጁ መለብለብ በቀር ጕዳት አልደረሰበትም። እናቲቱ ቀድማ ነክታው ቢሆን ኖሮ ግን ኤሌክትሪኩ በእርሷም ላይ ባለፈ ነበር።

ወዲያው የተጠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። መብራቱ ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠራ ኖሯል፤ ቀጭኑ ሽቦ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፥ ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ ከቆርቆሮው ስለት ጋር ሲያፋትገው ልብሱ ተልጦ ነበር። የተላጠው ሽቦ ቆርቆሮውን ሲነካ፥ ክዳኑም ከክዳኑ ጋር የተያያዘው የብረት በርም ኤሌክትሪክ ተሸከሙ። ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት ቦታም በፌስታል ብቻ ተጠቅልሎ ነበር። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ለመግደል ይበቃል። ቆርቆሮና ብረት በበዛበት ግቢ ደግሞ አንድ ቍስል ያለበት ሽቦ ቤቱን በሙሉ ወጥመድ ያደርገዋል።

በኤሌክትሪክ መብራት ልደትን ማድመቅ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። የኤዲሰን ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ ቤቱ የገና ዛፉን በ80 ትንንሽ አምፖሎች አስጊጦ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በደረቅ ዛፍ ላይ ሻማ ማብራት የተለመደ ነበርና፥ ኤሌክትሪኩ የነበልባሉን አደጋ አቃለለ፤ ነገር ግን ሌላ፥ በዐይን የማይታይ አደጋ በቦታው ተካ። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ እንጂ መፍራት ብቻ አይበቃም።

መብራቱን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ በማሸጊያው ላይ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይፈልግ። «አይፒ 44» የሚለው ምልክት የሚረጭ ውሃ እንደማይጐዳው ያመለክታል፤ ከዚያ የበለጠ ቍጥር ካለው ደግሞ የተሻለ ነው። ምልክት የሌለው፥ ሽቦው እንደ ክር የቀጠነ፥ መሰኪያው የሚነቃነቅ መብራት በርካሽ ቢሸጥም ውድ ነው። የሚቻል ከሆነ ኃይሉን በትራንስፎርመር ወደ 24 ቮልት ወይም ወደዚያ ገደማ ዝቅ የሚያደርገውን ዐይነት መምረጥ ከሁሉ ይሻላል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ለውጭ ካልተሠራ በስተቀር በቤት ውስጥ ይቀመጥ።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው ኤልኢዲ የተባለው አምፖል እንደ ቀድሞው አይግልም። እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሚፈጁ 25 የቀድሞ አምፖሎች በአንድነት 175 ዋት ይፈጃሉ፤ እያንዳንዳቸው 1 ዋት የሚፈጁ 25 የኤልኢዲ አምፖሎች ግን 25 ዋት ብቻ። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠርም በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ትንሽ መብራት መልካም ምርጫ ነው።

ከመስቀሉ በፊት ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመርመር፤ የተላጠ፥ የተሰነጠቀ ወይም የጠቈረ ቢገኝ ይጣል እንጂ አይጠገን። ሲሰቀል ከሶኬቱ የተነቀለ ይሁን። በምስማር አይወጋ፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰር እንጂ። ቆርቆሮን፥ የብረት በርንና የሽቦ አጥርን ፈጽሞ አይንካ። የነፋስ መውጫን ነፋስ እናስታውስና፥ ሽቦው እንዳይወዛወዝ በየክንዱ ይታሰር። መሰላሉ የእንጨት ይሁን፤ ከምሰሶ ወደ ቤት ከሚገባው የኤሌክትሪክ መስመርም ይራቅ። ማራዘሚያው ለውጭ የተሠራ ይሁን፤ መሰኪያውም ከመሬት ከፍ ብሎ ጠል በማይደርስበት ይቀመጥ። ብዙ መብራት በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይደራረብ። ኤሌክትሪኩ 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ አለ፤ ይህን በባለሙያ ማስገጠም ከመብራቱ ሁሉ የሚበልጥ ጌጥ ነው። ኃይል ሲቋረጥም መብራቱን መንቀል ይገባል፤ ሲመለስ በርትቶ ሊመጣ ይችላልና።

በቤት ውስጥም ጧፍና ሻማ ከደረቀ ጽድ፥ ከጥጥ ጌጥና ከመጋረጃ ይራቁ። ኤሌክትሪክ ባለበት እሳት ቢነሣ አስቀድሞ ከቆጣሪው ማጥፋት እንጂ ውሃ መድፋት አይገባም። የተቃጠለ ሰውነት ደግሞ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይቀዝቅዝ፤ ቅቤና ሊጥ አይቀባ። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ግን ደኅና ቢመስልም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በሌላው ዓለም በልደት ሌሊት ቤተሰቡ በመብራቱ ዙሪያ ይሰበሰባል። የእኛ ግን እንዲህ አይደለም። ታኅሣሥ 28 ማታ አባትም እናትም ልጆችም ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ ባዶ ይሆናል። በደጃፍ የተሰቀለው መብራት እጅ የሌለው ጧፍ የሚሆነው በዚያች ሌሊት ነው። እንግዲህ የቤቱ አባወራ በሩን ከመዝጋቱ በፊት መብራቱን ከሶኬቱ ይንቀል። ደጃፉ ቢጨልም የበዓሉ ክብር አይቀንስም።

ወዳጃችንም በዚያች ሌሊት ያደረገው ይህንኑ ነው። ጨለማውን ግቢ ዘግተን ወጣን፤ ትንሹ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ጧፉን ለኰስንለት፤ በተለበለበው እጁ አልይዝም ብሎ በግራው ያዘው፥ እናቱም እስከ ማለዳ እጇን ከእጁ በታች አድርጋ ጠበቀችው። በቤተ ልሔም ዱር ብርሃን የበራላቸው እረኞች በዚያች ሌሊት ነቅተው መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩት መሆናቸውን ያሰብነው ያን ጊዜ ነበር።

ለአንባቢዎቻችን ሁሉ በዓሉን በጤናና በሰላም ያድርግልን።